ዳክዬ ያስታቀፈኝ ጥልያን

ሰው ስለ ጥልያን ዘመን ሲጠይቀኝ ጫካ የገባሁ፣ ምሽግ የሰበርኩ፣ ቢያንስ ስንቅ ያቀበልኩ ይመስለዋል። እኔ ጫካ አልገባሁም። እኔ በዚያ ዘመን እንቁላል ታቅፌ ነው የከረምኩት። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ያን ጊዜ እኔን አላሳቀኝም።

ሸዋ ሮቢት እንደ ዛሬው የሞላ ከተማ አልነበረም። ወዲህ የእኛ ጎጆዎች፣ ወዲያ ጥልያን መንገድ የሚያሠራበት ካምቦ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ሙቀት። ሙቀቱ ያኔም ይኸው ነበር፤ ጥልያንም አልጨመረበትም፣ አልቀነሰለትም። እኔ ሸማኔ ነኝ። እግሬን ጉድጓዴ ውስጥ ሰድጄ፣ መወርወሪያዬን ከግራ ወደ ቀኝ እየላክሁ፣ ማንንም ሳልነካ የምኖር ሰው ነበርኩ። ከባለቤቴ ከዘሃራ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን፤ አላህ ልጅ አልሰጠንም። ልጅ ቢባል ያለን የእሷ ታናሽ ወንድም ይማም ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር፤ ዘሃራ ነች አዝላ ያሳደገችው።

ይህ ይማም አንድ ቀን ከአጣዬ ገበያ ግመሉን እየነዳ ሲመለስ ጥልያኖቹ አስቆሙትና የመንገድ ወረቀት አሳይ አሉት። ይማም ወረቀት የሚያውቀው ስኳር ተጠቅልሎበት ሲመጣ ነው። ግመሉን መንገድ ላይ አስጥለው ያዙትና ካምቦ አስገብተው ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር።

«ሂድና አስፈታው» አለችኝ ዘሃራ።

«እኔ ማን ነኝ ብዬ?»

«ሁለት ዶሮ የያዘ ሰው ነህ» አለችና ያሉንን ሁለት ዶሮዎች እግራቸውን አስራ አስያዘችኝ።

የካምቦው አዛዥ አንገቱ የቀላ፣ ወፈር ያለ ሰው ነበር። ስሙ አፋችን ላይ ስለማይዞር «ሲኞር» ብቻ እንለዋለን። ስለ ይማም የተዘጋጀሁትን ንግግር ገና ሳልጨርስ ዶሮዎቹን ከእጄ ተቀበለና አንዷን ገልብጦ ክንፏን ገለጠ፤ ላባዋን እፍ እፍ እያለ ቆዳዋን አየ። ከዚያ አጠገቡ ለቆመው አስተርጓሚ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ።

«ዶሮ ታውቃለህ ወይ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

እዚህ ላይ «አላውቅም፣ ሸማኔ ነኝ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተረክሁላችሁ። እኔ ግን ሰውየው ዶሮ እንደሚወድ ሳይ፣ ይማምም ከኋላ በኩል ድንጋዩን ሲመታ ሲሰማኝ፣ ምላሴን መያዝ አቃተኝ። «ዶሮማ እኔን ጠይቁኝ» አልኩ። «ዘር ማንዘራችን ዶሮ አርቢ ነው። እንቁላሉን አይቼ ወንድ ይሁን ሴት እለያለሁ።»

አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝ። ያየበት ዓይን የሐዘኔታ ነበር፤ እኔ የአድናቆት መሰለኝ።

ሲኞር ደስ ብሎት ወደ ድንኳኑ ወሰደኝ። እዚያ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለ። በጎኑ የላምባ መብራት የሚገባበት ትንሽ በር፣ ክዳኑ ላይ መስተዋት፣ ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ ነገር የሚወጣና የሚወርድበት የብርጭቆ ዘንግ። ስሙ ኢንኩባትሪቼ ነው፣ ያለ ዶሮ እንቁላል ይፈለፍላል አሉኝ። ከሣጥኑ አጠገብ በገለባ ተጠቅልለው ዐሥራ ሁለት እንቁላሎች ተቀምጠዋል፤ ከዶሮ እንቁላል የሚተልቁ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ያላቸው።

«የዳክዬ እንቁላል ነው» አለኝ አስተርጓሚው። «ከሩቅ በካሚዮን ነው ያስመጣው። ካምቦው ውስጥ ድማሚት ሲፈነዳ መሬቱ ስለሚናወጥ እዚህ አይፈለፈሉም። አንተ ቤትህ ወስደህ ታስፈለፍላለህ። ሃያ ስምንት ቀን ነው። ከተፈለፈሉ የሚስትህ ወንድም ይፈታል።»

«ካልተፈለፈሉስ?»

አስተርጓሚው ጥያቄዬን ለሲኞር አላደረሰውም። «እሱን አትጠይቅ» አለኝ።

ሣጥኑን አራት እስረኞች ተሸክመው ቤቴ አደረሱት። ከእኔ ቤት ፀጥ ያለው ቦታ የሽመናው ጥግ ስለሆነ ሸማዬን ጠቅልዬ እዚያ አስቀመጥነው። አንዱ ተሸካሚ ስሙን ሲሰማ ግማሹን ነው የያዘው መሰለኝ፣ ለሰፈሩ «ባትሪቼን አደረስናት» ብሎ አወራ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥልያኑ ባትሪቼ የምትባል ሴት ቤቴ እንዳስቀመጠ፣ እኔም እሺ ብዬ እንደተቀበልኳት ሮቢት በሙሉ ሰማ። እትዬ ከድጃ የምትባል ጎረቤታችን ዘሃራን ልታጽናና መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ለመሆኑ መልኳ እንዴት ነው?» ስትል ሰማኋት።

«አራት ማዕዘን ናት» አለች ዘሃራ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ቀዩ ነገር ሲኞር ካሰመረው ጭረት አይበልጥ፣ አይጎድል። እንቁላሎቹ በቀን አምስት ጊዜ ይገልበጡ። ለብ ያለ ውሃ ይረጭባቸው። በቀን አምስት ጊዜ ሲባል ደስ አለኝ፤ አምስቱን ሶላት ተከትዬ እገለብጣለሁ፣ አልረሳም አልኩ። ችግሩ፣ የትኛው እንደተገለበጠ እንዲታወቅ ሲኞር በእያንዳንዱ እንቁላል ባንድ በኩል ክብ፣ በሌላው በኩል መስቀል በእርሳስ አድርጎበታል። ዘሃራ ይህን ያየች ዕለት ሰላም አልሰጠችኝም።

«ውዱእ አድርገህ መስቀል ስትገለብጥ ትውላለህ» አለች።

«ምልክት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«እኔም ምልክቱን ነው የማየው።»

ተቀምጬ በዐሥራ ሁለቱም መስቀሎች ላይ ተጨማሪ እግር እየቀጠልኩ ሸረሪት አደረግኋቸው። ሸማኔ ነኝና እጄ ጥሩ ነው፤ ደህና ሸረሪቶች ነበሩ። ዘሃራ ደግሞ ሸረሪት ትፈራለች።

ሙቀቱን ደግሞ ስሙት። ይህን ሣጥን የሠራው ሰው አገሩ ብርድ ያለበት መሆን አለበት፤ ሣጥኑ የሚያውቀው ማሞቅ ብቻ ነው። ሮቢት ላይ ግን ቀትር ሲሆን መፈልፈያው ሣጥኑ ሳይሆን ቤቱ ነው። ቀዩ ነገር ጭረቱን አልፎ ሽቅብ ሲሮጥ መብራቱን አጠፋለሁ። መብራቱ ጠፍቶም ይሮጣል። ክዳኑን እከፍታለሁ፤ አሁንም ይሮጣል። በመጨረሻ ራቁት ደረቴን፣ በሽርጥ ብቻ ተቀምጬ ለዐሥራ ሁለት እንቁላል በሰሌን ሳራግብ እውላለሁ። ለእኔ የሚያራግብልኝ የለም። ፀሐይ ዘወር ስትልና ከደጋው ነፋስ ሲወርድ ደግሞ ቀዩ ነገር ቁልቁል ይወርድና መብራት ፍለጋ እሯሯጣለሁ። ሸማው እንደተጠቀለለ ቀረ። ለሙሽርነቱ ኩታ ያዘዘኝ ሰው ሠርጉ ደርሶ ሲመጣ፣ የምሰጠው ስለሌለኝ እንቁላሎቹን አሳየሁት። በአባቱ ኩታ አገባ።

በሰባተኛው ቀን ሲኞር ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። በሩን አስዘጋና አንድ እንቁላል አንሥቶ ከመብራቱ ፊት ያዘው። እንቁላሉ ከውስጥ በራ። እንደ ቀጭን ቀይ ክር ያለ ነገር ተዘርግቶበታል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ነጥብ እልም ብቅ፣ እልም ብቅ ትላለች።

ዘሃራ ከበሩ ጥግ ሆና ነበር። ቀስ ብላ ተጠጋች።

«ይመታል» አለች።

«ልቡ ነው» አላት አስተርጓሚው።

ሁለቱ እንቁላሎች ውስጣቸው ምንም ስላልነበራቸው ሲኞር አወጣቸውና ዐሥር ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዘሃራ ሌላ ሰው ሆነች። ስለ ሸረሪቱም አላነሳች። መልካም ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን አለቃዬ ሁለት ሆነ። ሲኞርስ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ዘሃራ ከራስጌዬ ሆና፣ «ቀስ»፣ «እጅህ ይቀዘቅዛል»፣ «አንዱን ሁለት ጊዜ ገለበጥከው» ትለኝ ጀመር። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ስተኛ እንደዚያ አልተጨነቀችም።

በዚህ መሐል የሰፈሩ ሰው ለይማም ዱዓ እናድርግ ብሎ ቤታችን ተሰበሰበ። ሠላሳ ሰው ገባ። ሼሁ ገብተው መሐል ተቀመጡ፤ ጫቱ ቀረበ፤ ዱዓው ተጀመረ። ሠላሳ ሰው በዚያች ጎጆ ውስጥ ሲተነፍስ ቀዩ ነገር ጭረቱን በጣት ያህል አለፈው። እጄን ዘርግቼ አሚን እያልኩ ዓይኔ እዚያ ነው። ሰሌኑን አንሥቼ ማራገብ ጀመርኩ፤ ሰው ለሼሁ የማራግብ መስሎት መረቀኝ። አልበርድ አለ። በመጨረሻ ተጠግቼ በጆሯቸው፣ «ሼሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዉ ቢወጣ» አልኳቸው።

«ዱዓው ሳያልቅ?»

«እንቁላሎቹ ሞቃቸው።»

ሼሁ ወደ ሣጥኑ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። «ለማን ነው ዱዓ የምናደርገው? ለይማም ነው ወይስ ለእንቁላል?»

«ዘንድሮ ሁለቱ አንድ ናቸው ሼሁ» አልኩ።

ደግ ሰው ናቸው፤ ተነሡ። ሠላሳ ሰው ፀሐይ ላይ ወጥቶ ዱዓውን ጨረሰ። እስከ ዛሬ ድረስ በእንቁላል ምክንያት ከቤት ያስወጣኋቸው ሰዎች አሉ፤ ሲያገኙኝ ያስታውሱኛል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ጭራሽ ባሰ። ደጋው ላይ አርበኞች መንገዱን ቆረጡት። ካሚዮን መምጣት አቆመ፤ ካሚዮን ከሌለ ደግሞ ላምባ የለም። ሰዉ ወሬውን በሹክሹክታ እየተቀባበለ ሲደሰት እኔ በአንድ በኩል እደሰታለሁ፣ በአንድ በኩል እንቁላሎቼ ይበርዳሉ። አርበኞቹ አንድ ቀን በቀናቸው ቁጥር የእኔ ላምባ አንድ ጣት ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ አገሩን የወደደ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ላምባው ያለቀ ዕለት ዘሃራ ሣጥኑን ትኩር ብላ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«አንተ እንደሆንክ ሥራህ መቀመጥ ነው» አለች።

«ሸማኔ መቀመጥ ብቻ ነው እንዴ?»

«ተቀመጥ።»

ባዘቶ ጥጥ አምጥታ ዐሥሩን እንቁላል አንድ በአንድ ጠቀለለችና በነጠላ ሆዴ ላይ ዙሪያውን አሰረችልኝ። ከላዩ ጋቢ ደረበችብኝ። በሮቢት ፀሐይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ላቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ሶላት ሲደርስ ጎንበስ ብዬ ግንባሬን ለሱጁድ መሬት ማስነካት ስላልቻልኩ ሼሁን አስጠየቅሁ፤ «እንደ በሽተኛ ተቀምጦ ይስገድ» አሉ። ይህ ቃል ታማሚ ነው ተብሎ ወጣ። ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ሆዴን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንድ የድሮ ወዳጄ ከካራቆሬ ድረስ መጣና፣ የምሞት መስሎት፣ እምቢ እያልኩት አቅፎ ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። አንዱ እንቁላል ቀጭ ሲል ሁለታችንም ሰማን። ወዳጄ የጎድን አጥንቴን የሰበረ መስሎት አለቀሰ። እኔ ስለ እንቁላሉ ዘሃራን ፈርቼ ዝም አልኩ።

ዘጠኝ ቀሩ። በታቀፍኩ በሦስተኛው ቀን ሲኞር ድንገት ገባ። ሣጥኑን ከፈተ፤ ባዶ ነው። ፊቱ አንገቱን መሰለ። ወደ እኔ ዞሮ አስተርጓሚው ሊከተለው ባልቻለ ፍጥነት ተናገረ።

«በልተሃቸዋል ወይ ነው የሚለው» አለኝ አስተርጓሚው። «ሌላውን አልተረጉመውም።»

ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ ነጠላውን ላላ አደረግሁት። ሲኞር ጎንበስ ብሎ ዘጠኙን ሸረሪቶች አንድ በአንድ አየ። አንዱን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የብርጭቆውን ዘንግ ከሣጥኑ አውጥቶ ሆዴና እንቁላሎቹ መሐል ሰካው። እኔም ዘሃራም አስተርጓሚውም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አውጥቶ አየና አንድ ነገር ተናገረ።

«ልክ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ከሣጥኑ አንተ ትሻላለህ።»

በማግስቱ ከራሱ መብራት ቀንሶ ላምባ ላከልንና እንቁላሎቹን ወደ ሣጥኑ መለስን። በሕይወቴ ሰው ያን ያህል አድንቆኝ አያውቅም፤ ያደነቀኝም ጠላት ነው።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ደረሰ፤ ምንም የለም። ዘሃራ ከሣጥኑ ሥር አልተነሣችም። ምግብ አልሠራችም፤ እኔም አልጠየቅሁ። «ይማም ድንጋይ ሲፈልጥ ሊያረጅ ነው» አለች አንድ ጊዜ ብቻ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዱ እንቁላል ከሸረሪቱ አጠገብ ተሰነጠቀ። እስከ ዓስር ሶላት ድረስ ሰባቱ ወጡ፤ ሁለቱ ሳይወጡ ቀሩ። እርጥብ፣ ቢጫ፣ አንገታቸውን መያዝ የማይችሉ ነገሮች ናቸው። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ጎንበስ ብዬ ነበር። ሰባቱም ቀና ብለው ያዩት የመጀመሪያው ነገር የእኔ ፊት ነው። ምን እንዳገኙበት አላህ ያውቃል።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ስነሣ ይነሣሉ፤ ስቀመጥ ይቀመጣሉ። ጓሮ ልወጣ ስል በሩ ላይ ሰባቱም ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ ብዘገይ ይጮኻሉ። ዘሃራ እህል በእጇ ይዛ ብትለምናቸው አያዩዋትም። አንድ ወር ሙሉ ያዘዘችኝ እሷ ናት፤ እነሱ ግን ከእኔ ሌላ ሰው አያውቁም። ለጁምዓ መስጊድ ስሄድ ሰፈሩን ሁሉ አቋርጠው ተከተሉኝ፤ ደጃፉ ላይ ከጫማው ጋር ተደርድረው ቆሙ። ሼሁ ሲወጡ አይተዋቸው፣ «እነዚህ ከጀመዓው ይልቅ ሰልፍና ሶፍ መጠበቅ ያውቃሉ» አሉ።

ሰባቱን በቅርጫት ይዤ ካምቦ ሄድኩ። ዘሃራ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆማ ቀረች። ሲኞር ለዳክዬዎቹ ከሲሚንቶ ኩሬ አሠርቶላቸው ኖሯል። ቅርጫቱን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ቃሉን ጠበቀ፣ ይህን አልክድም፤ እዚያው ቆሞ «ያን ልጅ ጥሩት» አለ። እኔም ቅርጫቱን አስቀምጬ ወደ በሩ መንገድ ጀመርኩ።

ሰባቱም ተንጫጩ። ከቅርጫቱ ዘለው ተከተሉኝ። ሲኞር ሰብስቦ ኩሬው ውስጥ ከተታቸው፤ ወጥተው ተከተሉኝ። እንደገና ከተታቸው። በመጨረሻ በእጁ ጠቆመኝ። ሽርጤን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ሰባቱም ገብተው በዙሪያዬ መዋኘት ጀመሩ። ሲኞር ኩሬው ዳር ቆሞ አሰበ፤ ሲያስብ እያየሁት ነው ልቤ የወረደው።

«ልጁ ይሂድ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው፣ ወደ መሬት እያየ። «አንተ ግን ትቆያለህ።»

ይማምን አመጡት። ከስቶ፣ በድንጋይ ብናኝ ነጥቶ፣ መዳፉ ተሰነጣጥቆ። ወደ በሩ ሲያልፍ እኔን ውሃ ውስጥ ቆሜ አየኝና ደንግጦ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንቱ ደግሞ ምን አድርገው ነው ያሰሩዎት?»

«እናት ሆኜ ነው» አልኩት። «ሂድ፣ እህትህ ትጠብቅሃለች።»

ከሽቦው ወዲያ ዘሃራ ስታቅፈው አየሁ። ፊቱን በነጠላዋ ጠራረገችው፤ እጁን ይዛ መዳፉን ገልብጣ አየች። ብዙ ቆይታ ነው እኔን ለመፈለግ ቀና ያለችው።

ሁለት ወር ከምናምን ካምቦው ውስጥ ተቀመጥኩ። በየጠዋቱ ዳክዬዎቹን ሮቢ ወንዝ ይዤ እወርዳለሁ። እኔ እንዳልጠፋ አስካሪ የሚሉት አንድ የጥልያን ቅጥር ወታደር በጠመንጃ እኔን ይጠብቃል፤ እኔ ዳክዬዎቹን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን አስካሪው፣ «ብትሮጥ አልተኩስም፣ የሚያሳፍር ሥራ ነው» አለኝ። ብሮጥ ተከትለውኝ እንደሚሮጡ ስለማውቅ ተውኩት። ሰባት ዳክዬ አስከትሎ የሚጠፋ ሰው የት ይደበቃል?

እያደሩ አደጉ። ቢጫው ረገፈና ነጭ ላባ አወጡ፤ ድምፃቸውም ሻከረ። ሳያቸው ከእኔ ራቅ ራቅ ማለት አበዙ። አንድ ጠዋት ወንዙ ዳር እንደደረስን ሰባቱም ቀድመውኝ ውሃው ውስጥ ገቡና ቁልቁል ሄዱ። ጠራኋቸው። እንደማያውቁኝ ሆኑ። ሲበቃቸው በራሳቸው ወጡ፣ በአጠገቤ አልፈው፣ ተሰልፈው ካምቦ ገቡ። እኔና አስካሪው ከኋላ ተከተልናቸው። ሲኞር ከድንኳኑ በር ሆኖ አየ።

«እናት አያስፈልጋቸውም፣ ሂድ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

ስንት ቀን የጠበቅሁት ቃል ነው። ወላሂ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን፣ «ሲመሽ ማን ያስገባቸዋል?» ስል ራሴን ሰማሁት።

«ሂድ ስትባል ሂድ» አለኝ አስተርጓሚው።

ቤቴ ስደርስ ዘሃራ ሸማዬን ዘርግታ አቧራውን እያራገፈች ነበር። ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ሳላስበው፣ «ዞረው እንኳ አላዩኝም» አልኳት።

ዘሃራ ማራገፏን አላቆመችም። «ይማም ከተፈታ ሁለት ወር አልፎታል» አለች። «አንድ ቀን ነው የመጣው። እሱም ግመሉ የት እንዳለ ሊጠይቅ።»

ከዚያ እጄን አስታጠበችኝና ምሳችንን በላን።